ጠያቂ የሌለው አልጋ

ሥራዬ ኦዲተርነት ነው። 18 ዓመት ሠርቼበታለሁ። መጀመሪያ የተማርኩት ነገር ቀላል ነው፦ ቆጠራ እንደሚመጣበት አስቀድሞ የተነገረው መጋዘን ሁልጊዜ ልክ ነው። ዕቃው ተደርድሮ፣ ካርዱ ተሞልቶ፣ ንብረት ክፍሉም ሸሚዙን ተኩሶ ይጠብቃል። እውነቱን ማየት የሚፈልግ ሰው ሳይናገር ነው የሚሄደው።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ለእናቴ መጦሪያ ስፈልግ ምን አደረግኩ? ስልክ ደወልኩ። ቀጠሮ ያዝኩ። ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ አልኩ።

እማዬን ስትሮክ መትቷታል። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አይታዘዟትም። ሐሳቡ አለ፣ ቃሉ ነው የሚጠፋባት። 11 ወር ቤት ውስጥ አስታምመናታል። የእኔ ወገብም የወንድሜም ትዕግሥት አለቀ፤ እሷም ሁለት ጊዜ ወደቀች። "እናትሽን መጦሪያ አስገባሽ?" ለሚሉኝ ሰዎች መልስ ሰጥቼ ጨርሻለሁ፤ እዚህ አልደግመውም።

የዚያን ማክሰኞ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው በር ላይ ተቀበሉኝ። ወለሉ ፊት ያሳያል። እንግዳ መቀበያው ላይ አበባ አለ። ኮሪደሩ ላይ የሳምንቱ ፕሮግራም በቀለም ታትሞ ተሰቅሏል፤ ሰኞ ሙዚቃ፣ ማክሰኞ ሥዕል፣ ረቡዕ ወንበር ላይ የሚሠራ ስፖርት። የፊዚዮቴራፒ ክፍሉን ከፈቱልኝ፤ ብረቱ ሁሉ ያብረቀርቃል። እኔ ደግሞ 22 ጥያቄ ያለው ቅጽ ይዤ ነበር። ሥራዬ አይደል! ሊፍት አለ? አለ። የእሳት አደጋ መውጫ? አለ። ሽንት ቤት ውስጥ መደገፊያ ብረት? አለ። ሐኪም በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሁለት ቀን። ከ22ቱ 20ው ላይ ምልክት አድርጌ ወጣሁ።

ማታ ቅጹን ለታላቅ ወንድሜ አሳየሁት። አነበበና "አንቺ፣ ሆቴል ነው እንዴ የምትመርጪው?" አለኝ። ተናደድኩ። ልክ ስለነበር ነው የተናደድኩት። ያ ፕሮግራም ማክሰኞ ሥዕል ይል ነበር። እኔም የሄድኩት ማክሰኞ ነው። አንድም ሰው ሲሥል አላየሁም። ይህ ትዝ ያለኝ ግን ከሦስት ወር በኋላ፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስገላበጥ ነው።

እማዬ ገባች። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ነው። የእሷ በበሩ በኩል፣ ሌላው በመስኮቱ በኩል። መስኮቱ ጋ የተኙት ሴትዮ 84 ዓመታቸው ነው። ስማቸውን እዚህ አልጠራም፤ እኛም ቤት ውስጥ "የመስኮቷ እማማ" ነው የምንላቸው። ብዙ አይናገሩም። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው አሉ። ጠያቂ የላቸውም።

እኔ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ ጎራ እላለሁ። እኔ ካልቻልኩ ወንድሜ ይሄዳል። ለሁለት ወር ያህል እንከን አላገኘሁም። የእማዬ ፀጉር ተበጥሯል። ጥፍሯ ተቆርጧል። የለበሰችው የራሷን ልብስ ነው፤ የሌላ ሰው ሹራብ አልብሰዋት አያውቁም። ውሃዋ ሁልጊዜ በግራዋ በኩል ይቀመጣል፤ በምትሠራው እጇ በኩል ማለት ነው። ይቺን የግራ እጅ ነገር ያየሁ ቀን ደስ ብሎኝ ለወንድሜ ደወልኩለት። "አየህ? ሆቴል አይደለም" አልኩት።

ከዚያ አንድ ሐሙስ የመስኮቷ እማማ ኩባያ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ውሃው እስከ አፉ ሞልቷል። እሳቸው ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ተኝተዋል፤ ኩባያው ከጀርባቸው ነው። ዞረው እጃቸውን ቢዘረጉ እንኳ አይደርሱበትም። ትናንትም እዚያው አልነበር? እርግጠኛ አልሆንኩም። በሥራዬ እርግጠኛ ካልሆንኩ ምልክት አደርጋለሁ። ስለዚህ የኩባያውን ጆሮ ወደ መስታወቱ አዞርኩት። አንድ ሰው አንስቶ ቢያጠጣቸው በትክክል እንደዚያው አድርጎ አይመልሰውም።

ዓርብ ስመጣ ጆሮው መስታወቱን ያያል። ቅዳሜም እንደዚያው። እሑድ ውሃው ላይ ስስ አቧራ ተንሳፏል።

የጥሪ ደወላቸውን ፈለግኩ። ገመዱ ራስጌው ብረት ላይ ሦስት ዙር ተጠምጥሟል። ሲያጸዳ የጠመጠመው ሰው ሳይፈታው የሄደ ይመስላል። መቼ? ማን ያውቃል። ፈትቼ እጃቸው አጠገብ አደረግኩላቸው። ውሃውን ግን በራሴ አልሰጠኋቸውም። መዋጥ የሚያስቸግረው ሰው ቀጭን ፈሳሽ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል፤ አንዳንዱ ውሃው ወፈር ተደርጎ ነው የሚሰጠው። ነርሷን ጠየቅኳት። "ኧረ ችግር የለባቸውም፣ ይጠጣሉ" አለች። ቀና አድርገን አጠጣናቸው። አንድ ኩባያ ሙሉ ውሃ ሳይተነፍሱ ጨረሱ።

እዚያ ቆሜ ነው የገባኝ። ሁለት ወር ሙሉ ስመለከት የነበረው የእማዬን አልጋ ነው። የእማዬ አልጋ ደግሞ በየቀኑ ኦዲተር የሚመጣበት መጋዘን ነው። የእሷ ጥፍር፣ የእሷ ፀጉር፣ የእሷ የግራ እጅ ውሃ ስለቤቱ ምንም አይነግሩኝም። የሚነግሩኝ ስለእኔ መምጣት ነው። ቤቱን ማወቅ ከፈለግኩ ማየት ያለብኝ ማንም የማይመጣበትን አልጋ ነው።

ሠራተኞቹ ክፉዎች ናቸው እያልኩ አይደለም። ለዚህ አንድ ማስረጃ አለኝ። የመስኮቷ እማማ ጣት ላይ ቀለበት አለ። ቀለበቱ ከውስጥ በኩል በሕክምና ፕላስተር ተጠቅልሏል፣ እንዳይወልቅ። አስቡት፤ አንዲት ተንከባካቢ ቀለበቱ ሲንሸራተት አይታ፣ አሳዝኗት፣ ፕላስተር ፈልጋ፣ በጥንቃቄ ጠቅልላዋለች። ደግ እጅ ነው ያንን የሠራው። ግን ቀለበቱ ለምን ሰፋ? ብሎ የጠየቀ የለም። ቀለበት አይሰፋም። ጣት ነው የሚከሳው።

የቢሮ ባልደረባዬ እህት ነርስ ናት፤ ለዓመታት አረጋውያንን ስትንከባከብ ኖራለች። ደወልኩላት። "ክብደታቸውን በየስንት ጊዜ ነው የሚለኩት?" ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። በአንድ ወር ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ፣ ወይም በስድስት ወር 10 በመቶ የቀነሰ አረጋዊ እንደ ቀላል ነገር አይታለፍም አለችኝ። 50 ኪሎ ለሆነች ሴት 5 በመቶ ሁለት ኪሎ ተኩል ብቻ ነው። በዓይን አይታይም። ሚዛን ነው የሚያየው። ወይም ቀለበት።

አቬዲስ ዶናቤዲያን ስለሚባል ሐኪም የነገረችኝም እሷ ናት። ቤሩት የተወለደ አርመናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የሕክምናን ጥራት በሦስት በኩል መመዘን እንደሚቻል ጻፈ። አንደኛው ያለው ነገር ነው፤ ሕንፃው፣ መሣሪያው፣ የሰው ኃይሉ። ሁለተኛው የሚደረገው ነገር ነው፤ ማን ለማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ። ሦስተኛው የሆነው ነገር ነው፤ ሰውየው ተሻለው ወይስ ባሰበት። የእኔን 22 ጥያቄ አውጥቼ አየሁት። ከሞላ ጎደል ሁሉም የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ሊፍት፣ ብረት፣ መውጫ። ሊፍት ደግሞ ውሃ አያጠጣም።

እሺ፣ የሚደረገውን ነገር እንይ ብዬ እሑድ ማታ ሄድኩ። የጠያቂ ሰዓት አልፏል። ግን ዘበኛው ያውቀኛል፤ እማዬ ደህና አልዋለችም ብዬ ገባሁ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። የቀኑ ግርግር የለም። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ተንከባካቢ ብቻ አለች። የሁለት ክፍል መብራት በርቷል፣ ጥሪ ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ሰዓቴን አየሁ። አንደኛው ጥሪ በ9 ደቂቃ መልስ አገኘ። ሁለተኛው በ27 ደቂቃ። 27 ደቂቃ በወረቀት ላይ ትንሽ ቁጥር ነው። ሽንቱ የመጣበትን ሰው ጠይቁት።

ከዚያ ክፍላችን ገባሁ። በየአልጋው ግርጌ የማገላበጫ ቅጽ ተንጠልጥሏል። ራሱን ማዞር የማይችል ሰው በየተወሰነ ሰዓት ጎኑ ካልተቀየረ የአልጋ ቁስል ያወጣል፤ የተለመደው በየሁለት ሰዓቱ ነው፣ እንደ ሰውየው ሁኔታና እንደ ፍራሹ ይለያያል። ቅጹ ላይ ሰዓቱ፣ ጎኑ፣ ፊርማው ይሞላል። የመስኮቷ እማማን ቅጽ ቀና ብዬ አየሁት። ሁሉም ሳጥን ተሞልቷል። ግራ፣ ጀርባ፣ ቀኝ፣ ግራ። በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ትንፋሽ። እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ።

ሰዓቴን እንደገና አየሁ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ። ገና ያልደረሰ ሰዓት ተፈርሞበታል።

ብዙ የተጭበረበረ ሰነድ አይቻለሁ። የወደፊት ፊርማ ግን ሁልጊዜ ሆዴን ይበላዋል። ወጥቼ ልጮህ ነበር። ልጅቷ በዚያው ሰዓት ሁለት የቆሸሹ አንሶላዎች አቅፋ በሩጫ አለፈች። ላቧ ግንባሯ ላይ ይታያል። ስንት ሰው ነው ያለሽ? አልኳት። "19" አለች ሳትቆም።

ከ19ኙ 12ቱ ራሳቸውን ማዞር አይችሉም። አንድን ሰው በአግባቡ ማገላበጥ ማለት ማዞር ብቻ አይደለም። አንሶላውን ማስተካከል፣ በትራስ መደገፍ፣ ቆዳውን ማየት፣ ረጥቦ ከሆነ መቀየር አለ። ፈጣን ናት እንበልና 10 ደቂቃ ይፍጅባት። 12 ጊዜ 10፣ 120 ደቂቃ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። የመጨረሻውን ሰው ስትጨርስ የመጀመሪያው ሰው ሰዓት ደርሷል። ጥሪ የለም፣ የወደቀ የለም፣ እሷም ሽንት ቤት አትሄድም ብለን ነው። ከበድ ያለውን ሰው ለብቻ ማዞር ለእሱም ለእሷም ወገብ አደጋ መሆኑንም ትተን ነው። ያ ቅጽ እውነት ሊሆን አይችልም ነበር። ቢሮ የተቀመጠ ሰው 12 ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ ብሎ ወሰነ፤ ደግሞም በአዳር ፈረቃ አንድ ሰው መደበ። በሁለቱ መሀል ያለውን ክፍተት ልጅቷ በእስክሪብቶ ሞላችው።

አልጮህኩም።

በማግስቱ አንሶላ ሲቀየር ተረከዛቸውን አየሁ። ተንከባካቢዋ ናት "እስቲ እግራቸውን ያዢልኝ" ያለችኝ። የቀኝ ተረከዛቸው ላይ የሳንቲም ያህል ቦታ ጠቁሯል። ነካ ሳደርገው ከዙሪያው ይልቅ ይሞቃል፣ ላላ ያለም ነው። ፊታቸውን አጨማደዱ።

ስለዚህ ነገር ትንሽ ላውራ፤ እኔም አላውቀውም ነበርና። የአልጋ ቁስል የሚጀምረው አጥንት ቆዳን በሚጫንበት ቦታ ነው። መቀመጫ አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ የትከሻ አጥንት፣ ሌላው ቀርቶ የጆሮ ጫፍና የጭንቅላት ኋላ። የተለመደው ምክር "ቀልቶ ሲታይ በጣት ጫን በሉት፤ ነጥቶ ከተመለሰ ደም እየዞረ ነው፣ እንደቀላ ከቀረ ቁስሉ ጀምሯል" ይላል። ለነጭ ቆዳ ጥሩ ምክር ነው። እንደእኛ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጅ ነው የሚፈለገው፤ ከዙሪያው ሞቅ ወይም ቀዝቀዝ ያለ፣ የጠጠረ ወይም የላላ፣ የሚያም፣ ወይም ከራሱ ከሰውየው ቆዳ ጠቆር ያለ ቦታ። ለተረከዝ ደግሞ ትራሱ ከባት ሥር ይገባና ተረከዙ ምንም ሳይነካው ተንጠልጥሎ ይቀራል። መሀሉ ክፍት የሆነውን ክብ ትራስ ሰዎች ገዝተው ያመጣሉ፤ አይመከርም፣ ዙሪያውን ጨምድዶ ይይዘዋል። የጠቆረውን ቦታ ማሸትም እንደዚያው፣ የታመመውን ቆዳ ይጎዳዋል።

ነርሷ፣ የባልደረባዬ እህት፣ አንድ ጥያቄ አስጠናችኝ፦ "የብሬደን ነጥባቸው ስንት ነው?" እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ የአልጋ ቁስል አደጋ መመዘኛ ነው፣ የሠሩት ባርባራ ብሬደንና ናንሲ በርግስትሮም ናቸው። ስድስት ነገር ያያል፤ ሕመም መሰማት፣ የቆዳ እርጥበት፣ እንቅስቃሴ፣ ራስን ማዞር መቻል፣ አመጋገብ፣ በአንሶላ መፈተግ። ድምሩ ከ6 እስከ 23 ይሆናል። ዝቅ ባለ ቁጥር አደጋው ይጨምራል፤ 18 እና ከዚያ በታች ይጠነቀቁለታል። ጥያቄውን ለፈረቃው ነርስ አቀረብኩ። "ሲገቡ ተሠርቶ ነበር" አለችኝ። መቼ ነው የገቡት? ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት። የሰው አካል በአንድ ዓመት ተኩል ስንቴ ይለዋወጣል? ቀለበቱ እንኳ ሰፍቷል።

የሽታን ነገር ሁሉም ሰው ይመክራል፤ "ግቢና አሽቺ" ይሉሻል። እኔ ብዙም አላምንበትም። ስገባ ሽንት ቢሸተኝ አንድ ሰው አምልጦት ይሆናል፤ ብዙ አረጋዊ ያለበት ቤት ነው። ሦስት የተለያየ ቀን ሄጄ ያው ጥግ ያው ሽታ ካለ ግን ያ ሌላ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጠዋት ጠዋት ዓይን የሚያስለቅሰው ሽቶ ነው። ምን ሊሸፍን?

አሁን ወደ እማዬ ልመለስ፤ ከእሷ አልጋም የተማርኩት አለ። አንድ ቅዳሜ ስመጣ ፈዛለች። ዓይኗን ትከፍታለች፣ መልሳ ትጨፍናለች። ትናንት ስሜን ለመጥራት ስትታገል ነበር፤ ዛሬ ታየኛለች፣ አታውቀኝም። "እንግዲህ ዕድሜ ነው" አሉኝ። ዕድሜ በአንድ ቀን አይመጣም! በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ መደናገር ምክንያት አለው፦ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ ሆድ ድርቀት፣ ሽንት መቋጠር፣ ሕመም፣ አዲስ መድኃኒት። መዝገቧን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ። ሐሙስ ማታ የሚያረጋጋ መድኃኒት ተጀምሮላታል። ምክንያቱ "ማታ ትጣራለች" ይላል። ትጣራለች! ቃል የጠፋባት ሴት በምን ትናገር? ሐኪሙ ሰኞ መጥቶ አቆመው። ረቡዕ እማዬ ተመለሰች።

ከዚህ መድኃኒት ዓይነቶች አንዳንዶቹ፣ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት፣ የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን ሲሰጡ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2005 አስጠንቅቋል። ጭራሽ አይሰጡ አይደለም። ግን በአዳር አንድ ሰው ያለበት ቤት ውስጥ ዝም የሚያሰኝ ኪኒን ፈተና ነው፤ የማይጣራ ሰው ሥራ አይጨምርም። ስለዚህ አሁን "ስንት ሰው የሚያረጋጋ መድኃኒት ይወስዳል? ለምን? ለማቆም መቼ ተሞከረ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ጥያቄው ሲነሳ የሚለወጠውን ፊት ማየት ራሱ ይበቃል።

ሌላም አንድ ቀን ልንገራችሁ። የመስኮቷ እማማ መነጽር መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ አገኘሁት። መስታወቱ በጣት አሻራ ግራጫ ሆኗል። ፈቃዳቸውን ጠይቄ በውሃና በሳሙና አጥቤ አደረግኩላቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ አተኩረው አዩኝና "አንቺ ነሽ እንዴ በየቀኑ የምትመጪው?" አሉኝ። በድምፄ ነበር የሚያውቁኝ። መዝገባቸው ላይ "አካባቢያቸውን አይለዩም" ተብሎ ተጽፏል፤ ይህን ያነበብኩት ሳይሆን ተንከባካቢዋ የነገረችኝ ነው። መነጽር የሚያስፈልገው ሰው ያለመነጽሩ አካባቢውን አይለይም። የመስሚያ መሣሪያው ባትሪ የሞተበት ሰውም "መልስ አይሰጥም" ይባላል። ጥርሱ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ሰው "ምግብ እምቢ ይላል" ይባላል።

አጠራሩንም አደምጣለሁ። አንዳንዶቹ ለ84 ዓመት ሴት እንደ ሕፃን "ተነሺ፣ ብዪ፣ ጎበዝ" ይላሉ። አንዳንዶቹ "አልጋ 14 ተቀይራለች?" ይላሉ። አንዲት አለች፣ ቀጭን ልጅ፣ በር ሳታንኳኳ አትገባም፤ መጋረጃ ሳትስብ ልብስ አታወልቅም፤ "እማማ፣ አሁን ወደ ቀኝ ላዞርዎት ነው" ሳትል እጇን አታሳርፍም። እንቅልፍ ላይ ላሉትም ትናገራለች። እዚህ ስንት ጊዜሽ ነው አልኳት። አምስት ዓመት። ሌሎቹን ስጠይቅ ሦስት ወር፣ ሁለት ወር፣ "ዛሬ ሁለተኛ ሳምንቴ"። ይህን ጥያቄ ለሥራ አስኪያጅ አታቅርቡ። ለሠራተኛው ነው። ሰው የማይቆይበት ቤት ውስጥ ቀለበት እየሰፋ መሆኑን የሚያስታውስ አይኖርም።

ወደ ነርሶቹ ኃላፊ ሄድኩ። ያልደረሰ ሰዓት ስለተፈረመበት ቅጽ ነገርኳት። መጀመሪያ ፊቷ ተኮሳተረ። "የሌላ ታካሚ ሰነድ ማየት አይፈቀድልሽም" አለች። ልክ ነሽ አልኳት፤ ግን አልጋ ግርጌ ተንጠልጥሏል። ከዚያ የልጅቷን ስም እንደማልነግራት፣ የመጣሁት ስለሒሳቡ እንደሆነ ነገርኳት። 12 ጊዜ 10። ተነስታ በሩን ዘጋችው። "እህቴ" አለችኝ፣ "አንቺ አንድ ማታ ያየሽውን እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጽፍ ኖሬያለሁ።" መሳቢያዋን ከፍታ የደብዳቤ ኮፒ አሳየችኝ። የሰው ኃይል ጥያቄ፣ የሰው ኃይል ጥያቄ፣ የሰው ኃይል ጥያቄ። "ቤተሰብ ሲጽፍ ነው የሚሰሙት። ጻፉ።"

ጻፍን። ስምንት ቤተሰብ ፈረምን። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ የሰጡት መልስ ኮሪደሩ ላይ "ውሃ ሕይወት ነው" የሚል ፖስተር መስቀል ነበር። አበባው አጠገብ። ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍን፣ ሒሳቡንም ጨመርንበት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ለአዳር ፈረቃ ሁለተኛ ሰው ተመደበ። ማገላበጫ ቅጹ አሁን የተለያየ እጅ ጽሑፍ አለበት፤ ክፍት የቀረ ሳጥንም አለበት። ክፍት ሳጥን ሳይ ደስ ይለኛል። ቢያንስ አልዋሸም።

የመስኮቷ እማማ ተረከዝ አልቆሰለም። ክብደታቸው በየወሩ ይለካል ተባልኩ፤ ቁጥሩን አልጠየቅኩም፣ የእኔ አይደለም። ቀለበቱ ላይ ያለው ፕላስተር ግን አሁንም አለ።

እማዬን ለምን አላወጣሻትም የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ሁለት ሌላ ቤት አይቻለሁ፣ በዚህ ጊዜ ሳልናገር፣ አንዱን ቅዳሜ ከሰዓት ሌላውን ማታ። አንደኛው በር ላይ አስቆመኝ፣ በቀጠሮ ብቻ ነው ብሎ። እሱ በቃኝ። ሁለተኛው ይሻል ይሆናል፤ ግን የተሻለ ሊፍት ነው ያየሁት ወይስ የተሻለ ማታ፣ መለየት አልቻልኩም። እዚህ ቢያንስ ማን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

ኩባያው አሁን ተንቀሳቃሽ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ በእጃቸው በኩል። እኔ ግን ልማዴን አልተውኩም። ማታ ስወጣ ጆሮውን ወደ መስታወቱ አዞረዋለሁ። ሰኞ ስመጣ ዞሮ ነበር። ማክሰኞም ዞሮ ነበር፣ ውሃውም ግማሽ ደርሷል። ትናንት አልዞረም። ዛሬ ማታ ሄጄ አየዋለሁ።